በጋራዥና በየደጁ መኪና ያደሱት የጋሽ ይከፈት ሕይወት

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ይከፈት ብሎ የሚያውቃቸው አጎታችን፣ የከባድ መኪና ሹፌር ከነበሩት አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅና የመጀመሪያ ወንድ ነበሩ። የተወለዱባት ቤት ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ የነበረች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ስትሆን፣ አባታቸው መኪናቸውን የሚያቆሙት ከዚያው መስኮት ሥር ነበር። እናታቸው «ይሄ ልጅ ከጡት ቀጥሎ የያዘው ጎማ ነው» እያሉ ይስቁ እንደነበር ታላቅ እኅታቸው፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እናት፣ ያስታውሳሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ዓይናቸውን ታመው መንዳት ሲያቆሙ ግን ትምህርቱን ትተው በ1966 ዓ.ም. በአንድ ጋራዥ ተቀጠሩ። የተማሩት ሙያ ባትላሜራነት ነው፤ የተጨረማመተ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ እየመቱ ወደ ቦታው የመመለስ ሥራ። እዚያው ጋራዥ ከአንድ ቀለም ቀቢ ጋር ወዳጅ ሆኑ። አንዱ ሲያቃና አንዱ ሲቀባ ዓመታት አለፉ፤ በኋላም ሁለቱ ግቢ ተከራይተው የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ።

በ1974 ዓ.ም. በዳቦ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ከነበሩት ከባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ልጆቻቸውን ተቆጥተው አያውቁም። ሲናደዱ ዝም ማለት እንጂ መጮኽ አይሆንላቸውም ነበር፤ ዝምታቸው ግን ከጩኸት ይከብድ እንደነበር ቤተሰቡ ያውቃል።

በ1990 ዓ.ም. ሁለቱ ሸሪኮች ተለያዩ። የጠባቸው መነሻ ትንሽ ጭረት ነበረች። ቀቢው «ግማሽ ቀለም የሚባል ነገር የለም፣ በሩ በሙሉ ይቀባ» ይላሉ፤ አጎታችን ደግሞ «ለአንዲት ጭረት የሰው መኪና ሳምንት ማስተኛት ግፍ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ሲከር ቀቢው በሠራተኞቹ ፊት «አንተ መዶሻህን ያዝ፤ ቀለም የኔ ነው» አሏቸው። አጎታችን መዶሻቸውን ይዘው ወጡ። «ሁለተኛ ይህን ግቢ ብረግጥ!» ብለውም ማሉ።

ከዚያ በኋላ አንዲት አሮጌ ቫን ገዝተው የቀለም መርጫውን፣ ትንሿን ኮምፕሬሰር፣ ሰርጓዳ የሚሞሉበትን ስቱኮና የብርጭቆ ወረቀቱን ጭነው በየሰው ደጅ መሥራት ጀመሩ። ባለ መኪናው ቁርሱን በልቶ ሳይጨርስ የፓራውልቱ ጭረት ጠፍቶ ይጠብቀዋል። ውሻ በጣም ይፈሩ ስለነበር ኪሳቸው ከደረቅ ዳቦ ተለይቶ አያውቅም፤ «ከደንበኛው በፊት የምዋዋለው ከውሻው ጋር ነው» ይሉ ነበር።

ደጅ ላይ የሚሠራውን ጋራዥ ከሚገባው የሚለዩበት መንገድ ነበራቸው። ጥፍር የማይይዘው ጭረት፣ የተላጠ ቀለም፣ ብረቱን ያላጠፈ ሰርጓዳ የእሳቸው ነው። የበሩ ክፍተት ከላይና ከታች ካልተካከለ፣ ወይም ሲዘጋ ከፍ አድርጉኝ ካለ፣ «ይሄ የኔ አይደለም፣ ጋራዥ አስገቡት» ይላሉ። ችግሩ፣ የታጠፈ አካል የሚስብ መሣሪያ ያለው በአካባቢው የቀድሞ ሸሪካቸው ጋራዥ ብቻ መሆኑ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ጎረቤታቸው የሆኑት አዋላጅ ነርስ የመኪናቸው የኋላ በር ተገጭቶ ጠሯቸው። አጎታችን በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ። ከላይ ጣት አያስገባም፣ ከታች ሁለት ጣት ያስገባል፤ ለመዝጋትም ከፍ ማድረግ ግድ ነበር። ነርሷ «ጋሼ፣ ካስፈለገ ጋራዥ ላስገባው፤ እኔ በእግሬም እሄዳለሁ» አሏቸው። አጎታችን ግን ሸሪካቸው «የት ይሄዳል፣ ይመጣል» ማለታቸውን ሰምተው ነበርና «ለዚህች? አንቺ ሻይሽን ጠጪ፣ እኔ እጨርሳታለሁ» ብለው መለሱ። ሰርጓዳውን ስበው፣ በስቱኮ ሞልተው ቀቡት። የቆርቆሮው ውስጥ ሳይፈተሽ ቀረ። ቀለሙ ግን ከአሮጌው ስለማይለይ ጎረቤት ወጥቶ አደነቀ።

ወር ሳይሞላ መኪናው አደባባይ ሲዞር በሩ ተበረገደ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት የነርሷ ታናሽ እኅት ወድቀው ቀኝ እግራቸው ተሰበረ። እግሩ ቢድንም አጠረ። እኚህ እኅት ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የእግር ስፌት መኪና መርገጥ አልቻሉም።

በሩን ማንም አልጠረጠረም። ሰው ሁሉ በሩ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ነው አለ፤ ልብስ ሰፊዋ ራሳቸውም «በሩን አጥብቄ ያልዘጋሁ እኔ ዝርክርኳ» ይሉ ነበር። አጎታችን ይህን ሲሉ በጆሯቸው እየሰሙ ክረምቱን በሙሉ ዝም አሉ። በዚያ ክረምት እህል አልወርድ እያላቸው እንደከሱ፣ ባለቤታቸውም ጨጓራ መስሏቸው ሐኪም ቤት እንደወሰዷቸው ቤተሰቡ ያስታውሳል።

ክረምቱ ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደው እውነቱን ተናገሩ፤ በሩ ጋራዥ መግባት እንደነበረበት ያኔውኑ ማወቃቸውንም አልደበቁም። ልብስ ሰፊዋ በእጃቸው ቁልፍ እየተከሉ ነበር። መርፌውን ልብሱ ላይ ሰክተው «እኔ ራሴን ስረግም ነው የከረምኩት፤ አንተም ቁጭ ብለህ ትሰማኝ ነበር» አሏቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሼ ብለው ጠርተዋቸው አያውቁም። አጎታችን ለስፌት መኪናቸው የኤሌክትሪክ ሞተር ገዝተው ቢልኩ፣ ሳይፈቱ መልሰው ላኩት።

በዚያው ሳምንት አጎታችን አልረግጠውም ወዳሉት ግቢ ሄዱ። የቀድሞ ሸሪካቸው «ምነው፣ መንገድ ጠፋህ?» ብለው ሊያፌዙ ሲጀምሩ፣ አጎታችን «የነርሷን በር መታጠፍ ያኔውኑ አይቼዋለሁ፤ አንተን ላለማየት ብዬ ነው የሸፈንኩት» አሏቸው። ሸሪካቸው መፍቻቸውን አነሡ። የነርሷን መኪና ሁለቱ አብረው ፈትተው፣ በሩ የሚነክስበትን ብረት አቃኑ።

«ይከፈት» የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ለትንሽ ጭረት ተጠርተው እንኳ «መጀመሪያ ይከፈት» ብለው የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈትተው ለባለ ንብረቱ ሳያሳዩ አይነኩም ነበር። «ለጭረት እንጂ ለቀዶ ጥገና አልጠራንዎትም» እያለ የሚያጉረመርም ደንበኛ ብዙ ነበር። ጥቂቶችም ትተዋቸው ሄደዋል። ውስጡ የታጠፈ ከሆነ መኪናውን ራሳቸው ነድተው ለሸሪካቸው ያደርሳሉ። «እጅዎ ይባረክ» ሲባሉ ግን አሜን ማለት ይከብዳቸው ነበር።

ለዘመናት በሳቡት የስቱኮ አቧራና ቀለም ሳንባቸው ተጎድቶ በ2015 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። ሕመሙ ሲጠናባቸው ልብስ ሰፊዋ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። አጎታችን ትንፋሽ እያጠራቸው ይቅርታ ጠየቁ። ልብስ ሰፊዋም «ይቅር ብያለሁ ብል ውሸቴን ነው። ግን ይኸው መጥቻለሁ» አሏቸውና እስከ ማታ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። አጎታችን በማግስቱ «ታሪኬ ሲነበብ የእሷን ነገር እንዳትዘሉት፤ ያላለችውንም አለች እንዳትሉ» ብለው ለቤተሰቡ አደራ ሰጡ። ሴት ልጆቻቸው «በቀብሩ ቀን አባታችንን እንዴት እንዲህ እናስነብባለን?» ብለው አልቅሰዋል። አደራ ነውና ግን እንዲህ ይነበባል።

አጎታችን በሕክምናና በቤተሰባቸው እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት ታላላቅ እኅቶቻቸውንና ሬሳቸውን ያጠቡትን የቀድሞ ሸሪካቸውን ትተው ሄደዋል።

ልብስ ሰፊዋ እኅታችን ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ቤተሰቡ ስለ መምጣታቸው ያመሰግናል፤ ከዚህ በላይ አንዳች አይጠይቃቸውም። የምንለምነው የሁለቱንም ልብ የሚያውቀውን አምላክ ነው። የአጎታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን። ለልብስ ሰፊዋም ለቀሪ ዘመናቸው ሕመም የሌለበት እግር፣ ቂም የማያደክመው ልብ ይስጥልን። ያም ባይሆን፣ አይፈረድባቸው።