ደሜን የሚያጥበው ማሽን

እታለም ቀመር፣ ፎቶዬን አይተሽ «ፊትህ አብጧል» ብለሽ የምትጽፊው ምን ሆነሽ ነው? የሳዑዲው ኾበር ከተማ ምቾት ነው እንጂ ምን እብጠት አለ። ለማንኛውም አሰላሙ ዐለይኩም፤ አላህ አንቺንም ልጆችሽንም ደህና ያርግልኝ፤ እኔ አልሐምዱሊላህ አንበሳ ነኝ።

ኩላሊቴን አመመኝ ብዬሽ አልነበር? አሁን በሳምንት ሦስቴ ደማም ከተማ ሐኪም ቤት ሄጄ ማሽን ላይ እተኛለሁ። ደሜን በቱቦ አውጥቶ፣ አጥቦ ይመልሰዋል። ሌላው ሲያየው ይደነግጣል፤ እኔ የቧንቧ ሠራተኛው ግን አንዴ አይቼ ገባኝ። አጠገቤ ሦስት ሕንፃ የሚያከራይ የአገሩ ሽማግሌ ይተኛል። ለሱም አንድ ማሽን፣ ለኔም አንድ ማሽን። «አንተ ሐበሺ፣ ከማሽኑ ይልቅ ያንተ ወሬ አደከመኝ» ይለኛል።

ነርሷ ማኅደር ያገራችን ልጅ ናት። «ኢቃማህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን ብቻ ጠብቅ፣ ያለሱ እዚህ አይቀበሉህም» ትለኛለች። ኢቃማዬን የሚያሳድስልኝ ደጉ አሠሪዬ፣ ካፊሌ፣ ሞቶ አሁን አለቃዬ ልጁ ነው። «አንተ ሐኪም ቤት እንጂ ሥራ ላይ የለህም፤ ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ መትቼልህ አገርህ ትገባለህ» አለኝ። «እንደኔ ቧንቧ የሚጠግን ካገኘህ ምታ» ብዬው ወጣሁ።

አብሮኝ የሚኖረው አብዱሰመድ ደግሞ «አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ማሽን ማፊ፣ የለም» ብሎ ተከራከረኝ። «ሞልቷል» ብዬ አፉን አስዘጋሁት። አንቺ እዚያው ስላለሽ ትልልቆቹን ሐኪም ቤቶች ዞረሽ ጠይቂልኝ። ለክርክሩ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ዱዓዋ አይለየኝ፤ የማሽኑን ነገር ግን አታንሺባት።

ወንድምሽ ሙዐዝ ነኝ። ማሽኑ አለ ወይስ የለም፣ ቶሎ ጻፊ።