ፋይል የሌለው ቤተ መጻሕፍት

ሰኞ

ለታሪክ ይመዝገብ፦ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የከተማችን ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የግድግዳ ሰዓት አረፈ። ባትሪው ነው። ከእኔ በቀር ለቅሶ የደረሰ የለም።

አንባቢ፦ ዜሮ። ወደ ወንጪ የሚያልፉ ሁለት እንግዶች ገብተው ሽንት ቤት ጠየቁ። የአንባቢ መዝገብ ላይ ላስፈርማቸው አሰብኩ፤ ኅሊናዬ ከለከለኝ።

ከሰዓት በኋላ የከተማው ባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ወይዘሪት ሄለን መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ እንደመጣ ሰው አየችን፤ ሕንፃውንና እኔን።

"ጋሼ፣ ቤቱ ለማዳበሪያ መጋዘን ታስቧል። ታሪክ ያለው ሕንፃ ከሆነ ግን አይነካም። እስከ ዓርብ ማስረጃ ያምጡልኝ። ማስረጃ ስል፣ ወረቀት።"

እዚህ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ከሚስቴ ጋር የኖርኩት ሰባት። ታሪኩን ማን ይነግረኛል? ይህ ቤት ከእኔ በቀር ሰው የለውም።

ማክሰኞ

ፋይል ፍለጋ። ማዘጋጃ ቤት፦ "መዝገብ ቤት ጠይቅ።" መዝገብ ቤት፦ "ማዘጋጃ ቤት ነው የሚያውቀው።" አምቦ ወደ ዞኑ መዝገብ ቤት ስልክ ደወልኩ። "አምቦ ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን የተጻፈ ከሆነ አይጥ በልቶታል" አለኝ ሰውዬው፤ አይጡን በስም የሚያውቀው ይመስላል።

ሻይ ቤት ጠየቅኩ። አንዱ የከብት ክሊኒክ ነበር አለ፤ አንዱ እስር ቤት። ሁለቱም ማሉ።

ማታ ታሪኩን መጻፍ ጀመርኩ። "ይህ ታላቅ ሕንፃ..." እዚያው ቆመ።

ኦቦ ዲንቃ ዛሬም አልመጡም። አሥራ አንድ ቀናቸው። የድሮ ግንበኛ ናቸው፤ የባለፈውን ወር ጋዜጣ እየጮኹ የሚሰድቡ ብቸኛ ቋሚ አንባቢዬ። "ጸጥታ ይከበር" የሚለውን ማስታወቂያ የለጠፍኩት ለእሳቸው ነበር። ዛሬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

ረቡዕ

ኦቦ ዲንቃ ቤት ሄድኩ።

"አካም ቡልታን፣ ኦቦ? እንዴት አደሩ?"

"ነጋ ነው፣ ሰላም! ጉልበቴ ብቻ ጡረታ ወጣ። ጋዜጣዬን አመጣህ?"

"የባለፈው ወር ነው።"

"እሱን ነው የምወደው። አዲሱ ያስደነግጣል።"

ስለ መጋዘኑ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ አልጠበቅኩም። እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ፋይል? በደቦ የተሠራ ቤት ምን ፋይል አለው! ከተማው ነቅሎ ወጣ እኮ። ድንጋይ ያለው ድንጋይ፣ ባሕር ዛፍ ያለው ባሕር ዛፍ፤ ምንም የሌለው ጭቃ ረገጠ። ማን ምን እንዳደረገ መምህሩ ደብተር ላይ ጻፈ፤ ያልመጣው ሰው ኋላ እኔም ነበርኩ እንዳይል።"

"ደብተሩስ?"

"ቤቱ ሲያልቅ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተብሎ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ላይብረሪያኑ አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን!"

ሐሙስ

ተገኘ። ሰማያዊ ደብተር። ልብ ወለድ መደርደሪያ ላይ።

ጥፋተኛውን አጣርቻለሁ፤ እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ዓመት መጻሕፍቱን ስመድብ፣ ደራሲ የለው፣ ስም ብቻ የሞላበት ደብተር አየሁ፤ ልብ ወለድ ብዬ ማኅተም መታሁበት። አላነበብኩትም። ሁሉን ካነበብኩ መቼ እሠራለሁ?

ዛሬ አነበብኩ። ስሙ የደበዘዘ አንድ ሰው፦ "ሁለት ምሰሶ፣ አንዱ ጠማማ።" "ዲንቃ፦ የምሥራቁን መሠረት፣ ከብዙ ወሬ ጋር።" መምህሩ ምላሰኛ ነበር፤ ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰባተኛው ገጽ ላይ፦ "ወይዘሮ አስካለ፤ ጭቃ ረገጠች፣ ልጅ እንዳዘለች። ልጁ ያለቅሳል።"

አስካለ እናቴ ናት። ከእኔ በቀር አልወለደችም። ይህን አንድም ቀን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። አሁን የምጠይቃት የለችም።

ለረጅም ጊዜ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። አንባቢ፦ ዜሮ። ማንም አላየኝም፤ ይሻላል።

ዓርብ

ደብተሩን ለወይዘሪት ሄለን ወሰድኩ። ገለጠች፣ ገለጠች፣ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ሽፋኑን አየች።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልብ ወለድ ይላል። ማኅተም አለው።"

"ማኅተሙ የእኔ ነው። ተሳስቼ ነው።"

"እንግዲያው በጽሑፍ ያርሙት። ኮሚቴው ሰኞ ያየዋል። ቃል ግን አልገባም።"

ስመለስ ኦቦ ዲንቃ በከዘራ ተደግፈው ደጁ ላይ ቆመዋል። የማኅተሙን ነገር ነገርኳቸው።

"ልብ ወለድ አደረግኸን! አሥራ ስምንት ዓመት!" መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አየ። ገቡ፣ ፈረሙ፣ ጋዜጣቸውን ያዙ፣ መጮኽ ጀመሩ። እኔም በዚያ ጩኸት መሐል ይህን ጻፍኩ፦

እርማት። ልብ ወለድ ተብሎ የተመደበው ሰማያዊ ደብተር "ታሪክ" ተብሎ ይነበብ። እንዲሁም ሰኞ ዕለት "ይህ ቤት ከእኔ በቀር ሰው የለውም" ተብሎ የሰፈረው ስህተት ነው። ቤቱ ሲሠራ በቦታው ከነበሩት ሁለቱ ዛሬም ተገኝተዋል፤ አንደኛው በከዘራ፣ ሁለተኛው ያኔ ታዝሎ የነበረው።