ስላልዘነበው የሰኔ ዝናብ፣ ለአባ ገብረአምላክ

ኮልፌ፣ ሐምሌ ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለክቡር አባ ገብረአምላክ
የሰፈራችን የካቶሊክ ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ

ክቡር አባታችን ሆይ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? የጉልበትዎ ሕመም በዚህ ብርድ እንዳይብስብዎ፣ የቢሮዎ ጣራ እንዳያፈስ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ከነቤተሰቤ እመኛለሁ። እንቅልፍዎን ያነሣሁት በክፋት አይደለም፤ በእኛ ቤት ከጠፋ ስለሰነበተ በእርስዎ ዘንድ እንዳለ ለማወቅ ብዬ ነው።

እኔ መሸሻ እባላለሁ፤ ኮልፌ ገበያ አቡጀዲና ክር እሸጣለሁ። እስከ ሰኔ ድረስ የስድስተኛ ክፍል ተማሪያችሁ የነበረችው የየኔነሽ አባት ነኝ። በዓመቱ መዝጊያ ለወላጆች ያሳተሙት የዜና ወረቀት ደርሶኝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ዜናው ለወላጅ ሁሉ የታደለ ስለሆነ መልሱም ለወላጅ ሁሉ ይድረስ ብዬ ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ለእርስዎ ግን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ልኬያለሁ።

አስቀድሜ ስለ መልካሙ ዜና ላመስግን። የመረብ ኳስ ቡድናችሁ የአስኮን ልጆች ማሸነፉን፣ የመዘምራኑ ልብስ በአዲስ መለወጡን፣ ደረጃውም ቀለም መቀባቱን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ግን እንዲህ ይላል፦ «በመዝጊያው በዓል ላይ የተማሪዎች የምስጋና ጸሎት በድንገት በጣለው ዝናብ ምክንያት ባጭሩ ተጠናቋል።» ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነውና በትሕትና በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ዝናቡ። በዚያ ዕለት እኔ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ብርድ ልብሴን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነበር። ለማያውቁ አንባቢዎች፣ የታሰርኩት ከጎረቤቶቼ ጋር በአንድ ሰው ቤት ስንጸልይ «ያለ ፈቃድ ተሰብስባችኋል» ተብለን ነው፤ ሰው ጴንጤ የሚለን እኛን ነው። ባለቤቴ ወይዘሮ ፅጌ ደግሞ በእርስዎ ግቢ ጥላ አጥታ፣ ከፀሐዩ የተነሣ ነጠላዋን በራሷ ላይ ጥላ ቆማ ነበር። ስለዚህ ዝናቡ የዘነበው ወረቀቱ ላይ ብቻ መሆኑን ተረድተናል። ብርድ ልብሴንም የእሷንም ነጠላ ስላላረጠበ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ጸሎቱ። ልጄን ለዚህ የመረጧት የክፍሏ አስተማሪ ሲስተር ሰርኬ ናቸው። «የተጻፈ አታንብቢ፣ ከልብሽ ጸልዪ» አሏት፤ እሷም ታዘዘች። የተከበሩት እንግዶች ከፊት ተቀምጠው፣ ወላጅ ከኋላ ቆሞ ሳለ እንዲህ አለች፦ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ስለ አስተማሪዎቻችን እናመሰግንሃለን። የታመሙትን አስብ። የታሰሩትንም አስብ። አባቴንም አስብ፤ የታሰረው ስለጸለየ ነው።»

ያን ጊዜ እርስዎ ከወንበርዎ ብድግ ብለው ለመዘምራኑ በእጅዎ ምልክት ሰጡ። እነሱም በአዲሱ ልብሳቸው ግቢውን በዝማሬ ሞሉት። ፅጌ እንደነገረችኝ ልጃችን ከድምፅ ማጉያው ፊት አልሸሸችም፤ ዓይኗን እንደጨፈነች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እስከ አሜን ድረስ ቆማ ጨርሳለች፤ የሰማት ሰው ግን የለም። መዘምራኑ ስላሳዩት ቅልጥፍና ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ደግሞ ለታሰረ ሰው መጸለይን ልጄ ከእኔ አልተማረችም። እኔ ራሴ እስክታሰር ድረስ እስረኛ ትዝ ብሎኝም አያውቅም። የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘት የሚለውን በቃሏ ይዛ የመጣችው ከእርስዎ የሃይማኖት ትምህርት ነው፤ ጥሩ ውጤትም አግኝታበታለች። ትምህርቱ ለፈተና ብቻ መሆኑን ቀደም ብለው ቢያስታውቁን ኖሮ እቤት እናስጠነቅቃት ነበር።

ሦስተኛ፣ ከፊት ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ ወደ እርስዎ ዘንበል ብለው «የማን ልጅ ናት?» ሲሉ ጠየቁ። ባለቤቴ ልጅቷን ከመድረኩ ልትቀበል ቀርባ ስለነበር መልስዎን በጆሮዋ ሰማች። «በቅጡ አላውቃትም» አሉ። አባታችን፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ያስተማሯት ልጅ ናት። ኩፍኝ የያዛት ጊዜ ቤታችን ድረስ መጥተው፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እስክትስቅ ድረስ ተረት የነገሯት ልጅ ናት። እርግጥ ዶሮ አልጮኸም፤ ገና እኩለ ቀን ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ለሚመጣው ዓመት «በቦታ ጥበት ምክንያት» ልትቀበሏት እንደማትችሉ ተነገረን። ከክፍሉ ሁለተኛ የወጣች ልጅ ይህን ያህል ቦታ እንደምትይዝ አላወቅንም ነበር።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር መስጠት አቅቶኛል።

ከእስር በወጣሁ ማግሥት ምሳ ቀርቦ «የኔነሽ፣ አንቺ ጸልዪልን» አልኳት። አቀረቀረች። «አባዬ፣ አንተ ጸልይ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «እኔ እዚያ ባልጸልይ ኖሮ ቶሎ ይፈቱህ ነበር?» አለች። እናቷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ «አይደለም» አልኳት፤ ደግሜም «አይደለም» አልኳት። አላመነችኝም። ያ ሁሉ ትልቅ ሰው ዝም ሲያሰኛት ያየች ልጅ፣ የአንድ አባት ቃል ምን ያህል ይይዝላታል?

ስለዚህ እጇን ይዤ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። እሷን ደጅ አቁሜ ገባሁ። አክብረው ተቀበሉኝ፤ በሩን ዘጉ፤ ቀጥለውም መስኮቱን ዘጉ። «አቶ መሸሻ፣ ያን ቀን ከፊት የተቀመጡት እንግዳ የትምህርት ቤቱን ፈቃድ የሚያድሱልን ሰው ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ይህ ሁሉ ልጅ የት ይገባል?» አሉኝ። ጥያቄው ከባድ ነው። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ይቅር ይበሉኝ» አሉ። ዓይንዎ እንባ አቅርሮ ነበር።

ስለ ይቅርታው ከልብ አመሰግናለሁ። ድምፁ እጅግ የተመጠነ ስለነበር ከጠረጴዛው ማዶ ለተቀመጥኩት ለእኔ እንኳ የደረሰኝ በጭንቅ ነው። «እባክዎ ይህንኑ ለልጅቷ ይንገሯት፤ ደጅ ቆማለች» ብዬ ስለምንዎት ግን ሰዓትዎን ተመልክተው ስብሰባ እንዳለብዎ አስታወሱ። የወጡትም በጓሮው በር ነው። ልጄ በፊት ለፊቱ በር ስትጠብቅዎ ቆየች።

እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ድረስ በእግራችን ሄድን። እዚያ ስንደርስ «ምን አሉ?» አለችኝ። «ሰላም ብለውሻል» አልኳት። በስምዎ የተነገረ ቃል ስለሆነ ቢያንስ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ወንበሯን መልሱልኝ አልልም፤ ለመስከረም የመንግሥት ትምህርት ቤት አስመዝግቤያታለሁ። ወረቀቱን አርሙልኝም አልልም። በገበያው በኩል ሲያልፉ ሱቄ ጎራ ብለው፣ ሰው ባለበት፣ «የኔነሽ፣ አውቅሻለሁ፤ ያደረግሽው ጥፋት አልነበረም» እንዲሏት ብቻ እለምናለሁ። ይህን ለማለት የማንም ፈቃድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ካስፈለገም፣ ያለ ፈቃድ ማድረግ የሚያመጣውን እኔ ቀምሼዋለሁ፤ ይቻላል።

ለትምህርት ቤቱ ዕድሜን፣ ለመዘምራኑ ጤናን፣ ለእርስዎም ሁሉም በሮች ወደ አደባባይ የሚከፈቱበትን ቢሮ እየተመኘሁ፣ ስብሰባዎ እስኪያልቅ ድረስ ደጅ ቆሜ እጅ የምነሣዎ፣

መሸሻ
የየኔነሽ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስነሣ፣ ዛሬ ቁርስ ላይ የኔነሽ ማንም ሳይጠይቃት ዓይኗን ጨፈነች። ከእኔም ከእናቷም በፊት የጠራችው የእርስዎን ስም ነው። «አባ ገብረአምላክ እንዳይፈሩ እርዳቸው» አለች። እናቷ አሜን አለች። እኔ ግን እስካሁን አላልኩም።