አባትሽ ከባቡር የወረዱ ዕለት

ይድረስ ለልጄ ለሐረገወይን፤ የካናዳ ብርድ ይራራልሽ፣ እመብርሃን ከፊትሽም ከኋላሽም አትለይሽ። እኛ እዚህ በሰው አገር፣ ሃርልስደን አለን፤ አባትሽ ግን መርሳቱ ብሶባቸዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድምሽ ዐቢይ «ባሕር ቢያዩ ደስ ይላቸዋል» ብሎ በባቡር ወሰደን። ባቡሩ በየባሕር ዳሩ መንደር ይቆማል። እሳቸው ደግሞ በየጣቢያው «ሐረገወይን እዚህ ናት?» ይሉኛል። «ካናዳ ናት እኮ» እላለሁ። ዐቢይ ሻይ ሊገዛልን ወደ ሌላው ፉርጎ እንደሄደ፣ አንዷ መንደር ላይ «እዚህ ናት!» ብለው ተነሥተው ወረዱ። ልከተላቸው ስል በሩ ተዘጋ። መስኮቱን እየደበደብኩ በአማርኛ ጮህኩ፤ ማን ይስማኝ? ባቡሩ ይዞኝ ሄደ።

ከሚቀጥለው ጣቢያ ከዐቢይ ጋር በታክሲ ተመለስን። አግዳሚ ወንበር ላይ ወደ ባሕሩ ዞረው ተቀምጠዋል። ሮጬ እጃቸውን ያዝኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣

«እሜቴ፣ ባለቤቴን ባቡር ወሰደብኝ፤ አላዩዋትም?» አሉኝ።

እኔም፣ «መጣሁ ብላለች» ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሐኪሙም መድኃኒት የለውም ብሎናል። እባክሽ፣ ስትደውዪ አስቀድመሽ ስምሽን ንገሪያቸው፤ ካላወቁሽም አትቀየሚያቸው። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የእኔ ዓይነት ጭንቀት ደጅሽን አይርገጥ።

እናትሽ አልታየሽ