የወንድም ጋሼ ኮፍያ

ለማከብርህ ታላቄ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ለቀቀህ ወይ? ዓይንህስ ደህና ያያል? ይህን የምጠይቅህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከፊትህ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከኋላህ ያለውንም ማየት እንደ ጀመርክ ስለ ሰማሁ ነው። አንገትህስ? አንገትህን አደራ። ወደ ታች እያነበብክ ስትወርድ ከአካልህ ሁሉ እሱን ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ታገኘዋለህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ደህና ናት፤ ጥርሷን ነቅላ ሁለት ቀን ዝም ብላ ነበር፣ አሁን ድና የሁለቱን ቀን አካክሳለች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። እኔ ደግሞ ይኸው ቂም ይዤ ሰላምታ አቀርባለሁ። ሰላምታዬ ግን ከአንገት በላይ እንዳይመስልህ፤ የአንገቱን ሥራ ለአንተ ትቼልሃለሁ።

እማዬ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እየሰማችህ እንደሆነ አውቃለሁ። እትዬ ባለቤትህም እንደ ልማዷ ከጀርባህ ቆማ ከትከሻህ በላይ ታያለች። የቤታችንን ሕግ ደግሞ አልረሳኸውም። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ስልክ ነፋስ ነው፤ ደብዳቤ ግን ምስክር ነው» እያለ የደነገገው ነው፤ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ጮክ ብሎ ለቤቱ ሁሉ ያነባል፤ አይዘልም፣ አያሳጥርም፣ «እዚህ ላይ ጽሑፉ ደብዝዟል» አይልም። እንዳይደበዝዝብህም በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌልሃለሁ። ስልክ በኪሴ እያለ ወረቀት ፍለጋ የዞርኩት ምስክር ፈልጌ ነው። እማዬ ዓይኗ ቢደክምም፣ አንድ መስመር በዘለልክ ቁጥር ድምፅህ እንዴት እንደሚቀጥን ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለች። እንግዲህ ውሃ ጠጣና ቀጥል።

መጀመሪያ የሥራዬን ወሬ ልንገርህ። ፀጉር ቤቱ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አያጣም። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ መጣ፤ አሳንሰር ጠጋኝ ነው፣ ሲበዛ ጨዋ ሰው። ሽርጡን አሰርኩለት፣ ማሽኑን ጆሮው ሥር አስጠጋሁ። ሰውዬው አንገቱን ጥቂት ወደ ግራ ያዞራል፤ ዓይኑ ግን መስታወቱ ላይ እንደተተከለ ይቀራል። መለስኩት። ደግሞ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ዓይኑ አሁንም መስታወቱ ላይ ነው። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ስኖር ብዙ ዓይነት አንገት አይቻለሁ፤ የሚያንቀላፋ አለ፣ የሚኮራ አለ፣ ሚስቱ በበሩ ስታልፍ የሚሰበር አለ። አንገት ለብቻው፣ ዓይን ለብቻው የሚሄድበት ሰው ግን አላጋጠመኝም። «ወንድሜ፣ ጆሮህን ከፈለግከው አርፈህ ተቀመጥ» አልኩት። «ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ከጨዋታ ያመጣሁት ነው» አለኝ።

ምን ዓይነት ጨዋታ ነው አንገት የሚያጣምመው ብዬ ብጠይቀው አስረዳኝ። እሱም እንደ እኔና እንደ አንተ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ያበርራል። ታዲያ ስክሪኑ አናት ላይ የምትቀመጥ ጣት የማታክል ካሜራ አለችው። ሦስት የሚያበሩ ነጥቦች ያሏት ሹካ መሳይ ነገር ደግሞ ኮፍያው ጠርዝ ላይ ይሰካል። ካሜራዋ ነጥቦቹን ትከተላለች። እሱ አንገቱን ጥቂት ሲያዞር ጨዋታው ውስጥ ያለው አብራሪ ጭራሽ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የሰውዬው ዓይን ግን ስክሪኑን እንዳይለቅ እዚያው ይቀራል። እንደ እኔ ያለው ምስኪን ኋላውን ለማየት በአውራ ጣቱ ቁልፍ ሲፈልግ፣ እሱ ዞር ብሎ አይቶ፣ አነጣጥሮ፣ ጨርሶ ወደ ሻዩ ተመልሷል።

«ኮፍያው» ሲል ማሽኑ እጄ ላይ ቆመ።

ወንድም ጋሼ፣ አንተ ቤት ውስጥ ኮፍያ የጀመርከው መቼ ነው? በስልክ እየተያየን ስናወራ ጠርዙ ላይ የሆነች ብልጭ የምትል ነገር አይቼ «ምንድን ነው እሱ?» ብልህ «ጆሮዬን ብርድ መትቶኝ ነው» አልከኝ። ጆሮህን! ፀጉር አስተካካይ ወንድም ይዘህ ኮፍያ ጆሮ ይሸፍናል ብለህ ነገርከኝ! እኔም ሞኙ ለእትዬ ደውዬ ጆሮውን አስመርምሪው ብዬ ለመንኳት። ይኸው ከጀርባህ ቆማለችና ጠይቃት።

አሁን እማዬ ግራ እንዳይገባት ከሥሩ ማስረዳት ይገባሃል፤ በእኔ ቃል፣ በአንተ አፍ። እማዬ «ማን ጋ እንደምኖር እናንተው ተስማሙ፤ እኔ በልጆቼ መካከል አልፈርድም» ባለች ጊዜ እኔና አንተ እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ ብለን አልተመካከርንም። እሁድ እሁድ አብረን በምንጫወተው የበረራ ጨዋታ ተወራረድን። ሦስት ዙር የአየር ውጊያ፤ ያሸነፈ እማዬን ይይዛል፣ የተሸነፈ አፉን ይይዛል። አዎ እማዬ፣ እንደ በግ ተወራረድንብሽ። በዚህ በኩል እኔም ጥፋተኛ ነኝና ቅጣቴን ቁረጪልኝ፤ ለእሱ ግን እጥፍ ይሁን።

በመጀመሪያው ዙር ደመና ውስጥ ተደብቄ ስወጣ ከጭራዬ አገኘሁህ። በሁለተኛው ወደ ኋላ ለማየት ቁልፉን ስጫን ፊቴን አጣሁት፤ ፊቴን ሳገኝ ክንፌን አጣሁት። በሦስተኛው ገና ከመነሳቴ ተቃጠልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አሸንፈህ ዝም ብትል እንኳ ባልከፋኝ። አንተ ግን ጉሮሮህን ጠርገህ «ነገሩ ተሰጥኦ ነው፤ መሣሪያ ሰውን አብራሪ አያደርገውም» ብለህ መከርከኝ። እኔም ምክርህን ተቀብዬ አመሰገንኩህ። ያቺን ምስጋና ዛሬ መልስልኝ።

ደግሞስ አንተ ማን ነህ? ዕድሜህን ሙሉ በፈተና ክፍል ውስጥ እየተንጎራደድክ «አንገትህን አታዙር!» ያልክ መምህር አይደለህም? ስንቱን ልጅ ወደ ጎረቤቱ ወረቀት ግማሽ አንገት አዞረ ብለህ ከክፍል አስወጥተሃል! እኔም ሰው አንገቱን እንዳያዞር እያልኩ እንጀራዬን እበላለሁ። የእናታችን ልጆች ሁለታችንም ባልተንቀሳቀሰ አንገት የምንኖር ሰዎች ነን። ከሁለታችን አንገት የሚያዞር ዕቃ የገዛኸው አንተ ነህ፤ ያውም ለእናትህ ፈተና።

ይህን ሁሉ በሳቅ ባለፍኩት ነበር። ወንድም ወንድሙን በጨዋታ ቢሸውድ ሰማይ አይወድቅም። እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ለስለስ ብሎ «አይዞህ ልጄ፣ አልተቀየምኩህም» አለችኝ። በምን ልትቀየሚኝ ብላት «ሥራ ስለበዛበት ለጊዜው አልመችሽም ብሏል ብሎ ወንድምህ ነግሮኛል፤ የሰው አገር ኑሮ መሆኑን አውቃለሁ፣ አታስብ» አለችኝ። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደሆነ ይጠብቀኝ ነበር።

በውርርድ አሸነፍኩት ብትላት ምን ነበረበት? ሁለታችንንም በአንድ ዱላ ትለን ነበር። አንተ ግን ድሉን ኪስህ ከተህ ነውሩን እኔ ላይ አለበስከው። እናቱን አልመችሽም ያለ ልጅ አደረግከኝ። አውሮፕላኔን ከጀርባ መትተህ ጣልክ፤ ይሁን። ስሜን ከጀርባ ስትመታው ግን ተመልሶ የሚነሳበት አዲስ ዙር የለውም።

በማግስቱ መሣሪያውን ልገዛ ወጣሁ። የኮምፒውተር ዕቃ ሻጩን ሰፈሩ «ዋስትና የለሽ» ይለዋል፤ ከሸጠ በኋላ አያውቅህም። ዕቃዋን ከሳጥኗ አውጥቶ እንደ ዕንቁላል ይዞ «ይህ ጌጥ አይደለም፤ ለሰው ጀርባ የተፈጠረ ዓይን ነው። ከኋላ የሚመጣብህ ጠላት አለ?» አለኝ። «ወንድሜ ነው» አልኩት። ሌላ ሳጥን ከመደርደሪያው አወረደና «እንግዲያው ሁለት ግዛ» አለኝ። ኮፍያውን አጥልቆልኝ እዚያው አስሞከረኝ። አንገቴን ጥቂት ባዞር የገዛ አውሮፕላኔን ጭራ አየሁ። ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ያለ ደስታ ነው! ወዲያው አንተ ከኋላዬ ስትመጣ፣ እኔ ቀድሜ ሳይህ፣ አንተ ጢስ ሆነህ ስትወርድ፣ እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ስለ ተሰጥኦ ስመክርህ ታየኝ። ሳላስበው ብቻዬን ስቄ ኖሮ ሻጩ ዋጋ ጨመረብኝ፤ ጭማሪውን ይዤ እመለሳለሁ ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። «እኔ ስጠራህ የማይዞር አንገት በኮፍያ ሊዞርልህ ነው?» አለችኝ። ለበቀል ነው ብላት «በቀሉስ ደግ ነው፤ እኔም አግዝሃለሁ። ግን ንገረኝ፣ በዚህ ዕቃ አሸንፈኸው እማዬ ብትመጣ፣ በር ላይ ቆመህ ምን ልትላት ነው? እንኳን ደህና መጣሽ፣ በተሻለ ኮፍያ አሸንፌ አመጣሁሽ ልትላት?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ፤ አስቀድሜ አውልቄው ነበር ለካ።

ነገሯ እውነት ነው። ብገዛው፣ ብጥልህ፣ አንተም የተሻለ ብትገዛ፣ እማዬ በሁለት ኮፍያ መካከል እንደ ዋንጫ ስትመላለስ ልትኖር ነው። ስለዚህ በቀሌን ሰማይ ላይ ሳይሆን እዚህ ወረቀት ላይ አደረግሁት። ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለህ አንብብ። ወደ እማዬ ዞረህ አንብብ፤ ካሜራ አያስፈልገውም፣ አንገትህ ይበቃል።

እማዬ፣ እኔ አልመችሽም ብዬ አላውቅም። ያንን የተናገረው አሁን ይህን የሚያነብልሽ ሰው ነው። ክፍልሽ ተዘጋጅቶ ከቆየ ሰንብቷል። ምድር ቤት ነው፤ ለጉልበትሽ ደረጃ የለውም። ግድግዳውን ራሴ ቀብቼዋለሁ፤ ጥግ ጥጉ ላይ የፀጉር አስተካካይ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የምትደገፊበትን ብረት ደንበኛዬ አሳንሰር ጠጋኙ ተክሎልኛል፤ «አሳንሰር የሚይዝ ብሎን ነው፣ እናትህን አይጥላትም» ብሎ ምሏል። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፤ ወጪ ወራጁን እያየሽ ታሚዋለሽ፤ እኔም አብሬሽ አማለሁ። ነይ።

እንዴት ነው ወንድም ጋሼ? በገዛ አፍ ሲሉት ይከብዳል? ላብህን ጥረግ፤ ኮፍያ ለዚያ ይሆናል።

ስለ መሣሪያው የቆረጥኩትን ልንገርህና ልጨርስ። ዋስትና የለሽ ዕቃዋን መልሳችሁ እስኪደርሰኝ መደርደሪያው ሥር አስቀምጦልኛል። እማዬ እመጣለሁ ካለች አልገዛትም፤ እሁዴን ከእሷ ጋር እንጂ ከአንተ ጭራ ጋር አላሳልፍም። እዚሁ እቆያለሁ ካለችም፣ በገዛ አፏ፣ እውነቱን ሰምታ ካለችው፣ ፍርዷ ነው፤ እቀበላለሁ፤ አልከራከርም። ግን ያን ዕለት ዕቃዋን እገዛለሁ። ከዚያ ወዲያ ለአንተ ሰማይ የሚባል ነገር አይኖርም። በወጣህ ቁጥር አወርድሃለሁ። ደመና ብትገባ ከደመናው አወጣሃለሁ። ተማሪዎችህ እስኪሰሙ፣ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ እንኳ ዞር ዞር እስክትል ድረስ አልለቅህም። ለእማዬ ልብ መልካሙን እመኛለሁ፤ ለአውሮፕላንህ ግን ምንም አልመኝለትም።

መልሱን እማዬ ትናገራለች፣ አንተ ትጽፋለህ፣ እትዬ እያንዳንዱ ቃል የእማዬ መሆኑን አይታ ከሥሩ ትፈርማለች። ያለ እሷ ፊርማ የመጣ ወረቀት አልቀበልም።

ለእትዬ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ጆሮህን በከንቱ ስላስመረመረች ይቅርታ ጠይቅልኝ። ለትልቋ ልጅህ ሰላም በላት፤ ፀጉሯን በመቀስ ራሷ ቆርጣው ፎቶውን ልካልኛለች፤ እጇን ይባርክ፣ እስኪያድግ ግን ኮፍያህን አውሳት። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችሁ ጡረተኛው ፖስተኛም እዚያ ካሉ ሰላም በላቸው፤ ደብዳቤ ሲነበብ እንደማይቀሩ አውቃለሁና ሁሉንም ሰምተዋል። ባለቤቴ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ለአንተ ግን ሰላምታዋን ይዛዋለች።

ለእማዬ ሰላምታ በዚህ ወረቀት አልላክሁም። እሷን አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ወጥቼ፣ ሻንጣዋን ከእጇ ተቀብዬ፣ ጉልበቷን ስሜ ነው ሰላም የምላት። አሁን ወረቀቱን አስቀምጥና ዝም በል፤ እሷ ትናገር።

ታናሽ ወንድምህ

ከፀጉር ቤቱ፣ ሐሙስ፣ የካቲት ፲፩ ቀን