ሰኞ ጠዋት እትዬ ይመጣሉ

እሑድ፣ ነሐሴ 18

…ከዚያ እናቴ ቦርሳዬን ገልብጣ አራገፈችው። መጀመሪያ ጠጠር ወደቀ፤ ቀጥሎ ግማሽ ማበጠሪያ፤ ቀጥሎ… ምን ነበር? እርሳስ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። እየሣቀች ነበር ወይስ…

«አባዬ፣ ሙጫው አልቋል።»

ትዝታዬ እዚያው ቀረ። ሚጣ ናት። ስድስት ዓመቷ። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች። ሙጫው ያለቀው ጠረጴዛው ላይ ስለተደፋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ እጅጌዬ ነበር።

ወንድሟ ከበሩ ላይ ሆኖ አየን። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እኛ ግን ሽማግሌው እንለዋለን። ሲቀመጥ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ሲናገር በምሳሌ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለና ሄደ።

እናታቸው ለሥልጠና ከሄደች ሦስት ሳምንት። እስከ ጥር አትመለስም።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ደወሉ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጡረታ የወጡ ነርስ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሽተኛውንም ሐኪሙንም በአንድ ድምፅ ሲያዙ የኖሩ።

«ልጆቹን አምጣልኝ። እዚህ ትምህርት ቤቱ በሬ ላይ ነው።»

«እችላለሁ፣ እትዬ።»

«አምና ትምህርት ሳይከፈት ልጁን ወስዶ በር ላይ የገተረው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ!»

«አንድ ሰዓት ከሩብ።»

ተስማማን። ይህ ስምምነት ከተባለ። ትምህርት የሚጀመረው ሰኞ፣ መስከረም 5። እሑድ ገብተው ዘመድ ቤት ያድሩና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ልጆቹን ተመዝግበው፣ ለብሰው፣ በልተው ካገኟቸው እኔ ጋ ይቀራሉ። ካልሆነ ሁለቱንም ይወስዷቸዋል። እሳቸው ጋ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ነው።

አምስት ሰዓት… ይህ ቤት ያለ እነሱ ምን ዓይነት ድምፅ ይኖረዋል? የማቀዝቀዣው ብቻ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በእጄ ካለፈው ፋይል አንድም አልጠፋ። ሁለት ልጅ ያቅተኛል?

የቤቱን ወጪና ገቢ መዝገብ ከፈትኩ። እርሳስ የሚወስድ ይፈርማል፤ ሲመልስ ይፈርማል። ሚጣ ፊርማ ስለሌላት ዶሮ ትሥላለች። እስከ ምሳ አሥራ አራት ዶሮ። ላጲስ ግን አንድም አልተመለሰ።

ሽማግሌው መጣ። «ቅሬታ ያለው ለማን ያቀርባል?»

«ለእኔ።»

«ከሳሹም አንተ፣ ዳኛውም አንተ?»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ያውጣን።»

ለሚጣ ምዝገባ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሰበሰብኩ። የልደት ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የመዋዕለ ሕፃናት የምስክር ወረቀት፣ አራት ፎቶ። የክትባት ካርዱ አንድ ጥግ የለውም። ለአሻንጉሊቷ ዘውድ ሆኗል። ቤት ውስጥ ወረቀት አይቀመጥም… ነገ ቢሮ ወስጄ የብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ እቆልፍበታለሁ። የምዝገባው መጨረሻ አርብ፣ ነሐሴ 30 ነው። ጊዜ አለ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ሃያ ደብተር ሸፈንን። ሃያ አንድ ሆኖ ተገኘ። ትርፉ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ መመሪያ ነው። ተሸፍኖ፣ ስም ተጽፎበት፣ «ሒሳብ» ተብሎ።

ሁሉም አልተሳሳትኩም አለ። ጽሑፉ የእኔ ነው።


እሑድ፣ ነሐሴ 25

የሰኞ ጠዋትን ልምምድ አደረግን። እኔ በሰዓት ይዤ፣ እነሱ ከአልጋ ተነሥተው።

አንደኛ ዙር፦ አርባ ሰባት ደቂቃ። ሚጣ ጥርሷን ስትቦርሽ ለመስታወቱ ታሪክ ነገረችው።

ሁለተኛ ዙር፦ ሃምሳ ሁለት። እንዴት ይጨምራል?

ሦስተኛ ዙር ላይ ሽማግሌው «ይኸው ለብሻለሁ» ብሎ ወጣ። ለብሷል። የእኔን ሸሚዝ። «ያለው እሱ ነው፤ የእኔን ለዘጠነኛ ጊዜ እያጠብከው ነው።» ሚጣ ቦርሳዋን እንዳዘለች ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

ሲመሽ ከፎቅ በታች ያለችው ልብስ ሰፊ አንኳኳች። «ደኅና ናችሁ? ቀኑን ሙሉ ‹አንድ፣ ሁለት፣ ሂዱ!› ስትል ነበር።»

ደኅና ነን አልኳት። ደኅና ነን?


ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

የለም።

ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ፤ የሚጣ ፋይል የለም። ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት፤ አሁንም የለም። ሰው መቼ ነው ሁለት ጊዜ ከፍቶ ያጣውን ሦስተኛ ጊዜ የሚያገኘው? ሦስተኛም ከፈትኩ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ቀዩ ክር።

እኛ ጋ ጉዳዩ ያለቀ ፋይል በቀይ ክር ይታሠራል። ቀይ ክር የታሠረውን የጉልበት ሠራተኞቹ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰብስበው ምድር ቤት ወዳለው መጋዘን ያወርዱታል። የሚጣን ወረቀቶች በማኅደር አድርጌ፣ አስተካክዬ… አሠርኩት። ማንም አላዘዘኝም። እጄ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ ባለቤቱን አይጠይቅም። የልጄን ፋይል ትምህርት ሳትጀምር ዘጋሁት።

መጋዘን የወረደ ፋይል የሚወጣው በጽሑፍ ተጠይቆ በአሥር የሥራ ቀን ነው። አርብ ከነገ ወዲያ ነው።

አለቃዬ ጋ ገባሁ። መነጽሩን አወለቀ።

«አሥር ቀን የሚለውን ደንብ ማነው ያረቀቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ያለ ልዩነት› የሚለውንስ?»

«እሱንም።»

«ማመልከቻው የሚቀርበው ለማን ነው?»

«ለመዝገብ ቤት ኃላፊ።»

«ማለት ለአንተ።»

«ለእኔ።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «በል እንግዲህ ለራስህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ለራሴ። «ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን ታሳቢ በማድረግ» ብዬ። ተቀበልኩ፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ከሌሎቹ ሥር አስቀመጥኩት። ተራው አሥራ ሁለተኛ ነው። ወረፋ አላስጥስም… ለምንድን ነው የማላስጥሰው?

ለሽማግሌው ነገርኩት። ለማን ልንገር? ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አባዬ፣» አለ፣ «እትዬ ጋ ስንሄድ ብስክሌቴ በአውቶቡስ ይጫናል?»


ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ሰረቅኩ።

ይህን ቃል በእጄ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። በምሳ ሰዓት። ሚጣን የሚይዝልኝ ስላልነበረ ይዣት ገባሁ። እጄን ጨብጣ፣ ደረጃውን ወርደን…

መጋዘኑን የምትይዘው ሴትዮ ወንበሯ ላይ ነበረች። አየችኝ። ሚጣን አየች። የሆነውን ነገርኳት። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረችና «እኔ ዛሬ ዓይኔን አሞኛል» አለች። «የሚታየኝ ነገር የለም። በስተቀኝ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታየኝም።»

በስተቀኝ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ኮቴ ውስጥ ከተትኩት።

«አባዬ፣» አለች ሚጣ፣ «ሌቦች ነን?»

«አይደለንም። የራሳችን ነው።»

«ታዲያ ለምን ታንሾካሹካለህ?»

«አላንሾካሾክም።»

«ላብህ ግን ይወርዳል።»

በር ላይ ጥበቃው «እንደምን ዋላችሁ» ሲል ሚጣ ቀጥ ብላ ቆመች። «ምንም አልሰረቅንም!» አለችው፣ ሕንፃው እስኪሰማ።

ጥበቃው ሆዴን አየ። ሆዴ አራት ማዕዘን ሆኗል። «ጎበዝ ልጅ» አላት። በሩን ከፈተልን።

ልቤ እስካሁን ይመታል። ደግሞ… ልጻፈው? ደስ ብሎኛል።


አርብ፣ ነሐሴ 30

ሦስቱም ሄድን። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ አጥሩን ዞሯል። ማኅደሩን በሁለት እጄ ይዤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ክሩን አልፈታሁትም። ፈራሁ መሰለኝ።

መዝጋቢዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየችና መለሰችልኝ።

«ይሄ ምን ያደርግልኛል?»

«ዋናው ነው። ዋናው!»

«ዋናውን ቤትህ አስቀምጠው፤ እኔ ኮፒ ነው የምፈልገው። ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል እኮ።»

ዞር ብዬ ሽማግሌውን አየሁት።

«አንብቤዋለሁ» አለ። «ከአንድ ሳምንት በፊት። ኮፒውንም እማዬ ሳትሄድ አስነሥታ ሰጥታኛለች፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ትናንትና ከትናንት ወዲያ ‹ዝም በሉ፣ እያሰብኩ ነው› አልከን።» ትከሻውን ነቀነቀ። «አዛውንት ሲያስብ አይቋረጥም።»

ሰልፈኛው ሁሉ ሣቀ። እኔም። ቢያንስ አፌ ከፈት ብሎ ነበር።

ተመዘገበች። አንደኛ ለ።


ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ሚጣ ትበላለች፣ ግን ትንሽ። ጫማው ይሆን የጠበባት?

… ጫማ ከምግብ ጋር ምን አገናኘው።


እሑድ፣ መስከረም 4

ሁሉም ተዘጋጅቷል። ዝርዝሩ ሠላሳ አንድ ነገር ነው፤ ሠላሳ አንዱም ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ዩኒፎርም ተተኩሷል። የምሳ ዕቃ ታጥቧል። ከመነሣት እስከ በር ሠላሳ ስምንት ደቂቃ።

እናታቸው ደወለች። ዝርዝሩን አነበብኩላት። እስከ ሃያ ሦስተኛው ድረስ በትዕግሥት አዳመጠች።

«እሷስ?»

«ማን?»

«ሚጣ ነቻ። ምን ትላለች?»

«ካልሲዋ ጥንድ ጥንድ ሆኖ…»

«ስለ ካልሲዋ አልጠየቅኩህም፣ የኔ ጌታ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ቀድሞ ቢቋረጥ ኖሮ ቁጥር ሃያ አራትን እያሰብኩ እተኛ ነበር። አሁን የማስበው… ምን ትላለች? እውነት፣ ምን ትላለች? ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። እሷ፣ ዝናብ ለምን ወደ ጎን አይዘንብም የምትለዋ ልጅ።


ሰኞ፣ መስከረም 5

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ቢሮ ደውዬ አረፍዳለሁ አልኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

እትዬ የመጡት አምስት ደቂቃ ቀድመው ነው። ትልቅ ሻንጣ ይዘዋል። ወለሉ ላይ ሲያስቀምጡት ባዶ መሆኑ ተሰማ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ሽማግሌው ለብሶ፣ በልቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። «እንደምን አደሩ፣ እትዬ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደኅና፣ ልጄ። እኅትህስ?»

እኅቱ የለችም። አሁን እዚህ ነበረች። ለብሳ፣ ተበጥራ። ወጥ ቤት የለችም። መታጠቢያ ቤት የለችም። እትዬ እጃቸውን አጣምረው ሰዓታቸውን አዩ። ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ።

አልጋ ሥር ነበረች።

«ሚጣ፣ ውጪ።»

«አልወጣም።»

«እትዬ መጥተዋል እኮ።»

«አውቃለሁ። ጫማቸው ይታየኛል።»

ቁጥር ስንት ላይ ነው ይህ የተጻፈው? አልተጻፈም። ተንበረከክሁ። ከዚያ በሆዴ ተኛሁ። ከዚያ ገባሁ… እግሬ ውጭ ቀረ። አቧራ አለ። ከአቧራው መሃል የጠፉት ላጲሶች ሁሉ አሉ። ስለ ላጲስ አልተናገርኩም።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋለች። አጠገቧ ተጠጋሁ።

በመጨረሻ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት በሩ ይቆለፋል?»

ሳምንቱን ሙሉ ሆዷን ሲበላት የነበረው ይህ ነው።

ይቆለፋል ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አላውቅም» አልኩ።

«አንተ እንኳን?»

«እኔ እንኳን። ሄጄም አላየሁ፣ ጠይቄም አላውቅ።»

አየችኝ። ይህን ስናገር ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ አልጋው በሌላ በኩል ተነቃነቀ። ሽማግሌው በደረቱ እየተሳበ ገባ።

«የአንደኛ ክፍሎቹ ሦስት ናቸው» አለ። «የመጀመሪያው አይቆለፍም። ሁለተኛው ይቆለፋል። ሦስተኛው ይቆለፋል፣ ግን አይከፈትም። እሱ ጋ እንዳትደርሺ።»

«በምን አወቅህ?»

«አንደኛ ክፍል ሆኜ እዚያ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ኖሬያለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብነግርህ ምን ታደርጋለህ፣ አባዬ? ደብዳቤ ትጽፋለህ።»

እውነቱን ነው። እጽፍ ነበር። በሦስት ግልባጭ።

«በእረፍት ሰዓት በሩ ላይ እቆምልሻለሁ» አላት።

«ጓደኞችህ ቢሥቁብህስ?»

«ይሣቁ። ሥቀው ሲጨርሱ ይደክማቸዋል።»

ከላይ ድምፅ መጣ። «እዚህ ቤት የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። ራስ ያለው ሰው የለም?»

ወጣን። ሰዓቱ አንድ ከሃያ አምስት። ዩኒፎርሙ አቧራ ሆኗል። የሚጣ ካልሲ አንዱ ነጭ አንዱ ሰማያዊ ነው፤ መቼ እንደቀየረችው እንጃ። እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ እኔን። አንድ ነገር ልል ፈለግሁ፤ ሠላሳ አንዱ ዝርዝር ኪሴ ውስጥ ነበር… አላወጣሁትም።

«ካልሲዋ ተለያይቷል» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታያለህ ማለት ነው።»

«አያለሁ።»

መሀረባቸውን አወጡ። የሚጣን ጉልበት ጠረጉ፣ የሽማግሌውን አንገትጌ አቀኑ። መሀረቡን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተም ሸሚዝህን ቀይር። አልጋ ሥር ያደረ ሰው ነው የምትመስለው። እኔ አደርሳቸዋለሁ።»

ወዴት?… አልጠየቅሁም።

ሚጣ መጥታ አንገቴን ያዘችና በጆሮዬ «ሁለተኛው» አለችኝ። ሽማግሌው ቦርሳዋን አሸከማት። እትዬ በአንድ እጃቸው የሚጣን እጅ ያዙ፤ በሌላው ሻንጣውን አነሡ። በሁለት ጣት አነሡት፤ እንደመጣ ባዶ ነው።

በሩ ተዘጋ።