ቤዛ ስለ መርፌህ የጻፈችው ድርሰት

አያልዬ፣

ከሄድክብኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ልጽፍልህ እቀመጥና «እንደምን ነህ» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀምጠዋለሁ። ዛሬ ስለ ልጃችን የምነግርህ ስላለኝ እሱን ዘልዬ ጀመርኩ።

ንፋስ መውጫ ዘንድሮ ብርዱ ጠንቶብናል እንጂ እኛስ ደህና ነን። የገብሱን ማሳ ወንድምህ አርሶልን አዝመራው አልከፋም። በትምህርት ቤቱ አንተን የሚተካ መምህር ስላልተገኘ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አማርኛ ከራሴ ክፍሎች ጋር ደርቤ ያዝኩት። ልጃችን ቤዛም እዚያው ክፍል ናት። በመጀመሪያው ቀን ስገባ ተማሪዎችህ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ቀኑን ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ።

አሁን ለፈተናው እየከለስን አመዛዛኝ ድርሰት ላይ ደርሰናል። የማስተምረው እንደ አንተ ነው። ምንባቡን አንዴ ዝም ብለው ያነቡታል። ሲደግሙት የጸሐፊው አቋም የቱ ጋ እንዳለ፣ የትኛው በማስረጃ የቆመ፣ የትኛው የራሱ አስተያየት ብቻ እንደሆነ ያሰምራሉ። ሲጽፉ ደግሞ የማይስማሙበትን ሰው ሐሳብ፣ ሰውየው ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አሳምረው ማስቀመጥ አለባቸው። ቤት ውስጥ ስንጣላ እንኳ መጀመሪያ የእኔን ቅሬታ በራስህ አፍ ትደግመው ነበር፤ ንዴቴ በዚያው ይበርድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በአካባቢያችሁ ሰው የሚከራከርበትን ጉዳይ መርጣችሁ ጻፉ አልኳቸው። ቤዛ ልታነብ ተነሣች። ርእሷ «ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ማቋረጥ አለበት ወይ?» የሚል ነበር። ተቀመጪ ልላት አሰብኩና «አንብቢ» አልኳት።

ማቋረጥ የለበትም ብላ ጀመረች። የነፍስ አባትህ «ልጄ፣ መርፌውንም የሰጠን እሱ ነው፤ እየተወጋህ ተጠመቅ» ያሉህን ጻፈች። የስኳር መርፌህን ትተህ ጠበሉ ዘንድ ስትሰነብት አቅምህ እንዴት እንደከዳህ፣ ሆስፒታል ስናደርስህም ነገሩ እንዳለፈ ተናገረች። ስምህን አልጠራችም። «አንድ ሰው» ነው ያለችህ። ክፍሉ ግን ማን እንደሆነ ያውቃል።

ከዚያ ወደ ተቃራኒው ወገን ተሻገረች። ስለ እምነት ታወራለች ብዬ ስጠብቅ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ሰውየው መድኃኒት ንቆ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲወጋ ኖሮ ደክሞታል። አንድ ቀን እንኳ እንደ ጤነኛ ሰው መንቃት አምሮታል። ይህን የተመኘን ሰው ሞኝ ማለት መልስ አይሆንም።»

አያልዬ፣ እኔ ዓመቱን ሙሉ ከአንተ ጋር ስከራከር ነው የከረምኩት። ከሰው ሁሉ ማስረጃ የምትጠይቅ ሰው፣ የራስህ ነፍስ ላይ ሲደርስ ምነው ሳትጠይቅ ቀረህ እያልኩ። ቤት ስጠርግም፣ ቅዳሴ ቆሜም። ልጃችን ግን የልብህን ተናገረችልህ፣ ከዚያ መለሰችልህ። መልሷም ይህ ብቻ ነበር፦ «ደክሞኛል ብሎ ቢነግረን ኖሮ እኛ እንወጋው ነበር።»

ከዚህ በላይ ማንበብ አልሆነላትም። መምህርነቴን ትቼ ሄጄ አቀፍኳት። ከኋላ የተቀመጡት ሲያለቅሱ ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ ወረቀቷን ሳርም አንድ ስሕተት አገኘሁ። «አንድ ሰው» ብላ የጀመረችውን «እኛ» ብላ ጨርሳዋለች። እንዳለ ተውኩት።

ለሙት ዓመትህ ተማሪዎችህ እንመጣለን ብለዋል፤ ከእስቴም ዘመዶችህ ይመጣሉ። ምን ሆኖ ነው የሞተው ብሎ የሚጠይቀኝን ሁሉ እስከ ዛሬ «ስኳር ነው» ብዬ አልፈው ነበር። ከእንግዲህ ደክሞት ነበር እላለሁ። አልረሳህም፣ አያልዬ። ድካምህንም ጨምሬ አልረሳህም።

የአንተዋ
ብርቱካን